ጃፓናዊ አትክልት ቦታ በዝግባና በክትክታ፦ በጅማ ለትምህርት ቤቶች የሚቀርብ አገልግሎት ሲመዘን

ጅማ ከተማ ዳር ያለ አንድ ችግኝ ጣቢያ 6 በ4 ሜትር የሆነ የጃፓን ዓይነት አትክልት ቦታ ለትምህርት ቤቶች ሠርቶ ያስረክባል። ችግኙ፣ ድንጋዩ፣ ጠጠሩና ተከላው አንድ ላይ ነው። ባጭሩ፦ ችግኙን ግዙ፣ የመሬቱን ሥራ ግን እዚያው ቆማችሁ አሠሩ።

የሚያስመሰግነው የዛፍ ምርጫው ነው። የፈረንጅ ጥድ ፍለጋ ከመሄድ ዝግባን ዋና ዛፍ አድርጎታል። ጃፓኖች እየገረዙ ደመና የሚያስመስሉት ማኪ የሚባለው ዛፍ ከዝግባ ጋር ዘመዳማቾች ናቸው። ዝግባም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ መቀስም አይፈራም። ችግሩ ዝግ ማለቱ ነው፤ ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተተከለው ቅርጽ የሚይዘው ልጁ አምስተኛ ክፍል ገደማ ሲደርስ ነው። እስከ ሦስተኛው ዓመት ጫፉን አትንኩት።

በስልክ ስታዝዙ ስሙን አጣሩ። በኦሮምኛ «ብርብርሳ» ማለት ዝግባ ነው፤ የአማርኛው «ብርብራ» ደግሞ ሌላ ዛፍ። ብርብራ ለቡና ጥላ ግሩም ነው፣ ፍሬው ግን ዓሣ ማደንዘዣ የሚሆን መርዝ ስላለው ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ።

ችግኙ ሲመጣ ከመረከባችሁ በፊት የአንዱን ፕላስቲክ ቀድዳችሁ ሥሩን እዩ። ከዓመት በላይ የከረመ ከሆነ ሥሩ ከታች እንደ ሽቦ ተጠምጥሟል። እንዲህ ያለው ሰኔ ላይ ቢተከል ክረምቱን ያምራል፣ በጋው ሲገባ ይጠወልጋል። ጥቂት ብቻ ከዞረ የታችኛውን 2 ሳንቲሜትር ቆርጦ መትከል ይቻላል፤ ከዚያ ከባሰ መልሱት።

ለዝቅተኛ ቁጥቋጦ የቀረበው ክትክታ ሲከረከም ጥቅጥቅ ብሎ ክብ ይወጣለታል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን አይስማማውም፤ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይተከል። ጥላ ሥር 3 ቡና መጨመራቸው ጥሩ ዘዴ ነው፦ ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ በሳምንት ከጥቂት ቀን ነጭ አበባው ይፈነዳል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ያበቃል። ጃፓኖች ለቼሪ አበባ የሚሰበሰቡት ለእንዲህ ያለች አጭር ጊዜ ነው። ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ ለሚነጠፈው ትንሽ አረንጓዴ ተክል፣ ለሞስ፣ ግን ገንዘብ አትክፈሉ፤ ጅማ ውስጥ ጥላና እርጥበት ካገኘ ድንጋዩ ላይ ራሱ ይወጣል።

ወደ መሬት ሥራው እንምጣ። 5 ድንጋይ ማድረጋቸው ልክ ነው፣ ጎዶሎ ቁጥር የጃፓኖች ልማድ ነው። ነገር ግን እንደ በርጩማ መሬት ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ድንጋይ ሲሶው ይቀበራል፤ 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው 20ው አፈር ውስጥ ይገባል። አለዚያ ልጅ ሲወጣበት ይገለበጣል።

ጠጠሩ ይብሳል። በቀጥታ በቀይ አፈሩ ላይ ስለተደፋ የጅማ ክረምት ጭቃውን ከሥር እየገፋ ያወጣዋል፤ መስከረም ላይ የሚታየው ጠጠር ሳይሆን ቡናማ ሊጥ ነው። መጀመሪያ መሬቱን በሜትር 2 ሳንቲሜትር እያዘቀዘቁ ከሕንጻው ወደ ውጭ ማዝመም፣ መጠቅጠቅ፣ ጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ አፈር የሚያግድ ጨርቅ) ማንጠፍ፣ ከዚያ 6 ሳንቲሜትር ጠጠር ማልበስ ነው። ጠጠር የሚለብሰው 15 ካሬ ሜትር ስለሆነ 0.9 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። የሚያራግፉት ግማሽ ሜትር ኩብ ነው፤ ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር ቢደርስ ነው። ነጭ ጠጠር ካቀረቡላችሁም እምቢ በሉ፤ ግራጫው የቀይ አፈር እድፍ ይችላል፣ ዓይንም አይወጋም። ቦታው ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ።

የቀርከሃ አጥሩ ላይ ነቀዝ ይፈራል። በበጋ የተቆረጠና 3 ዓመት የሞላው ቀርከሃ መሆኑን ጠይቁ፤ ጫፉም አፈር ሳይነካ ድንጋይ ላይ ይቁም።

ጠጠሩ ላይ መስመር ማውጫው ባለ ጥርስ መሣሪያ፣ ሬክ፣ ከዋጋው ውጭ ነው። የሰፈር አናጺ ከቁራጭ ዋንዛ ይሠራዋል፦ ግማሽ ሜትር ጣውላ፣ ጥርሶቹ በ4 ሳንቲሜትር ልዩነት። ጥርሱ ከዚያ ከጠበበ ጠጠሩን ይጎትተዋል እንጂ መስመር አያወጣም።