የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎችን አብሮ ማሠልጠን፦ በሲሙሌሽን (በአስመስሎ ልምምድ) ወይስ በዋርድ (በሆስፒታል የታካሚዎች ክፍል)?

ወጪ፦ ሲሙሌሽን ማኒኪን (የታካሚ አምሳያ አሻንጉሊት)፣ ክፍልና የሠለጠነ አስተማሪ ይፈልጋል። በዋርድ ታካሚውም ሥራውም አለ፤ የሚጎድለው የተቆጣጣሪ ጊዜ ነው።

ቅለት፦ የሁለቱን ትምህርት ክፍሎች ፕሮግራም ማገጣጠም የትም ቢሆን ራስ ምታት ነው።

ስጋት፦ በሲሙሌሽን ስህተት ታካሚ አይጎዳም። ልቡ ለቆመ ታካሚ ደረት የሚጫነውን ሰው በየ2 ደቂቃው መቀየርና የመድኃኒት ትዕዛዝን ጮክ ብሎ መልሶ መናገር እዚህ ይደጋገማል። የሕክምና ተማሪው ሁልጊዜ መሪ ከሆነ ግን የተማሩት ተዋረድን ብቻ ነው፤ ሚና አቀያይሩ። ለ10 ደቂቃ ልምምድ 20 ደቂቃ ውይይት መድቡ፤ ያለዚያ ድራማ ነው።

በዋርድ አንድ ታካሚ ለሁለት ተማሪዎች ስጡ፤ አብረው መርምረው ሁኔታውን፣ ታሪኩን፣ ግምገማቸውንና ምክራቸውን በዚሁ ቅደም ተከተል ያቅርቡ።

ለጀማሪዎችና ለድንገተኛ ሕክምና ሲሙሌሽን፣ ለተረኛ ርክክብና ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ዋርድ ይሻላል።