ከዴንቨር የመጣው ቧንቧና የቶርኖ ቤቱ ጋሼ

አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ከርሜ መመለሴ ነው። ስለ ሆቴሉና ስለ ክትፎ ቤቱ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የተገለገልኩት በመርካቶ ሱቅ፣ በቧንቧ ሠራተኛና ብረት በማሽን በሚጠርብ ቶርኖ ቤት ስለሆነ የምናገረውም ስለ እነሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዴንቨር ነው። እኔና ባለቤቴ አሮጌ ሞተርሆም አለችን፤ መኝታውም፣ ምድጃውም፣ መታጠቢያውም ውስጧ ያለ መኪና። አምና በብርዱ ወራት ውኃዋን ሳናፈስ አቆምናትና በረዶው የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ሰነጠቀው። ፕላስቲክ ነበር። ሞተርሆም ላይ ፕላስቲክ የሚያበዙት ክብደት ለመቀነስ ነው አሉ። የባለሙያውን ዋጋ ስሰማ ራሴ በብረት ቧንቧ ቀየርኩት። አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ። ኩራቴ ሌላ ነው! ያንኑ ዓይነት አንድ ጨምሬ ገዛሁና ለእማዬ ብዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ኮተቤ ያለው ቤቷ ውስጥ የነበረው ቧንቧ ከአፉ ከሚወርደው በጎኑ የሚያፈሰው ይበልጥ ነበር።

ሲንኩ ላይ ያለው ቀዳዳ ልክ ሆነ። ከታች ያለው ቱቦ ግን ከግድግዳው ቫልቭ ጋር አልተዋወቀም። አዲስ አበባ ከግድግዳ የሚወጣው በእንግሊዝ ልክ የተጠረበ ግማሽ ኢንች ነው። የአሜሪካው ቱቦ ጫፍ 3/8 ኢንች ይባላል እንጂ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ በአንድ ኢንች 24 የሆነ፣ ለብቻው የቆመ ነገር ነው። ቱቦው ደግሞ ከቧንቧው ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ ፈትቶ በሌላ መቀየር አይቻልም። ይህን ሳላጣራ ነው ውቅያኖስ ያሻገርኩት።

በራይድ መርካቶ ሄድኩ። ሹፌሩ ጨዋ፣ መኪናው ንጹሕ፣ መንገዱ ዝግ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ቱቦውን በእጁ እንኳ ሳይነካ «ይገጥማል እህቴ፣ ኦርጂናል ነው» አለና አንድ ማገናኛ አወጣ። አነጋገሬን ሰምቶ ነው መሰለኝ ዋጋውም የዲያስፖራ ነበር። ላላ ይላል ስለው «ቴፍሎን በደንብ ጠቅልይበት፣ ይይዛል» አለኝ፤ ነጩን የማሸጊያ ጥብጣብ ማለቱ ነው። ጠቀለልኩበት። ያዘም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ተራ ደርሶ ውኃው በኃይል ሲለቀቅ ግን ተስፈነጠረ። እማዬና እኔ ወለል ስንጠርግ ነጋ። ልመልስ ስሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም ነበር፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው።

ጎረቤት የጠራልን የቧንቧ ሠራተኛ ገና ወጣት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። እማዬ «መጣሁ» ማለት «ልነሳ ነው» ማለት እንደሆነ ረስተሽዋል አለችኝ። ከመጣ በኋላ ግን ዋጋ ሳያነሳ፣ ከሲንኩ ስር ተንበርክኮ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ ሱቅ ለሱቅ ቢዞሩ አይገኝም። ቶርኖ ቤት ይሻላል» አለኝ። ቫልቩን ፈትቶ፣ ቧንቧውን በፌስታል ይዞ አብሮኝ ወጣ።

ምን አለሽ ተራ አጠገብ ወደሆነ ጠባብ ቤት ወሰደኝ። እጃቸው በግራሶ የጠቆረ አንድ ጋሼ የቱቦውን ጫፍ በካሊፐር ለኩ። ጥርሱን በጥፍራቸው ቆጠሩ። «ይሄ ጥርስ አገር የለውም» አሉና ሣቁ። ከአሮጌ የናስ ዘንግ ላይ ቆርጠው ለሙቁም ለቀዝቃዛውም ሁለት ማገናኛ ጠረቡልኝ። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሲሰጡኝ «በግድግዳው በኩል ቴፍሎን አድርጊ። በቱቦው በኩል ግን እንዳትነኪው፣ የራሱ ጎማ አለው፣ እሱ ይዘጋል» አሉኝ። ለሁለቱም 1,200 ብር። ሳልከራከር ከፈልኩ። ዴንቨር ውስጥ ለአንድ ዕቃ ብሎ ማሽን የሚያስነሳ ሰው ከየት ይመጣል?

ተገጠመ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ውኃው ግን እንደ ክር ቀጠነ! በሆዴ ጋሼን መውቀስ ጀመርኩ። የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ግን ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ አየ፤ የሰፈሩ ተራ ባልሆነ ጊዜ ውኃው የሚወርደው ከእሱ ነው። በሞተርሆም ውስጥ ውኃውን የሚገፋው በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ነው። ቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ወንፊትም የተሠራችው ለእንደዚያ ያለ ግፊት ነው፤ በደቂቃ ከ5.7 ሊትር በላይ እንዳታሳልፍ። የእማዬ ሮቶ ከቧንቧው ሦስት ሜትር ከፍ ቢል ነው፤ ግፊቱ የፓምፑ አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ሒሳብ አልደረደረም። «ወንፊቷ ትውጣ» አለና ፈትቶ አወጣት። ውኃው ተንዠቀዠቀ። 1,500 ብር ጠየቀ፤ ማርፈዱን ይቅር ብዬ 2,000 ሰጠሁት።

ለእናቱ ቧንቧ መውሰድ ያማረው ሰው ቱቦው ተፈቶ የሚቀየረውን ዓይነት ይግዛ። ወይም ገንዘቡን ይዞ ሄዶ እዚያው ይግዛ፤ መርካቶ ደህና ቧንቧ ሞልቷል።

እማዬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ መታጠቢያ ቤቱን ከፍታ «ልጄ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ ነው» እያለች ታሳያለች። ከስር ያለው ናስ የምን አለሽ ተራ መሆኑን አልነገርኳትም።