«የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ»፦ ልብ ወለዱና አኒሜሽኑ

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዳያና ዊን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» እና ጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ በዚሁ ርእስ በ2004 ለስቱዲዮ ጂብሊ ያዘጋጁት የአኒሜሽን ፊልም አብረው ጥቂት ይጓዙና መንገዳቸው ይለያያል። እዚህ አዲስ አበባ የማገኛቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ፊልሙን አይተውታል፤ ስለዚህም መጽሐፉን ማንበብ የሚያውቁትን ታሪክ መድገም ይመስላቸዋል። ይህ ግምት መጽሐፉን ይበድለዋል። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ የታሪኩን ዋና ገጸ ባሕርይ ሶፊን በሙሉ ማንነቷ ያገኘኋት ግን በመጽሐፉ ውስጥ ነው።

ልብ ወለዱ የሚጀምረው ኢንጋሪ በምትባል፣ የተረት ነገሮች ሁሉ እውነት በሆኑባት አገር ነው። በዚያች አገር ከሦስት ልጆች በኩር ሆኖ መወለድ እንደ መርገም ይቆጠራል፤ ሦስቱ ዕድላቸውን ፍለጋ ቢወጡ ቀድሞና ከሁሉ በከፋ ሁኔታ የሚወድቀው በኩሩ ነውና። ሶፊ ይህን አምና ተቀብላለች። አባቷ ሲሞት ታናናሾቿ ሌቲና ማርታ ሙያ እንዲማሩ ይላካሉ፤ እርሷ ግን ከእንጀራ እናቷ ጋር ባርኔጣ ቤቱ ውስጥ ትቀራለች። በየሰፈራችን ታናናሾቿን ለማሳደግ ስትል ትምህርቷን ወይም ትዳሯን ያዘገየች የመጀመሪያ ልጅ ስለማትጠፋ፣ ይህ ክፍል ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፊልሙ ማርታን ጨርሶ አስወጥቶ፣ ሌቲን ለአጭር ጊዜ ብቻ አሳይቶ፣ የበኩርነትን ነገር በጨረፍታ ያልፈዋል።

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ግን የሶፊ የራሷ ኃይል መደብዘዙ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሶፊ ብቻዋን ተቀምጣ ስትሰፋ ባርኔጣዎቹን ታናግራቸዋለች፤ የተናገረችውም ባርኔጣዎቹን በገዙት ሴቶች ሕይወት ላይ ይፈጸማል። ይህን ኃይል እንደያዘች ሳታውቅ የምድረ በዳዋ ጠንቋይ ወደ አሮጊትነት ትለውጣታለች፤ ሶፊም የአስማተኛው የሃውል መኖሪያ ወደሆነው ተንቀሳቃሽ ግንብ ትገባለች፤ በመጨረሻም የእሳት ጋኔኑን ካልሲፈርን ከሃውል ልብ ጋር ካሰረው ውል የምትፈታው በዚሁ አንደበቷ ነው። ሃውል እርግማኑን በድብቅ ሊያነሳላት ሞክሮ እንዳቃተውና እርሷ ራሷ በእርጅና ተሸሽጋ መኖሩን የወደደችው እንደመሰለው የሚገልጽበት ቦታ፣ በእኔ እምነት የመጽሐፉ ቁልፍ ነው፤ ሶፊን ያሰራት የጠንቋይዋ አስማት ብቻ ሳይሆን ስለ ራሷ ያመነችው ነገር ጭምር መሆኑን አንባቢው የሚረዳው እዚያ ላይ ነው።

ሚያዛኪ ይህን ሐሳብ በሥዕል ተክተውታል። ሶፊ ስትተኛ ወይም ከልቧ ስትናገር ፊቷ ወጣት ይሆናል፤ ራሷን ዝቅ ስታደርግ መልሶ ይሸበሸባል። ዘዴው እጅግ ውብ ነው። በጃፓንኛው ቅጂ ወጣቷንም አሮጊቷንም አንዲት ተዋናይት፣ ቺየኮ ባይሾ፣ ስለሚጫወቱ ሶፊ በሁለቱም ዕድሜ አንድ ሰው ሆና ትሰማለች፤ በእንግሊዝኛው ግን ድምፁ ለሁለት ተዋንያን ተከፍሏል። ያም ሆኖ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ሶፊ አስማተኛ መሆኗን በግልጽ አይረዳም።

የግንቡ በር እንደተመረጠለት ቀለም አራት ቦታ ያስወጣል። በመጽሐፉ ጥቁሩ ቀለም የሚያደርሰው በእኛው ዘመን ወዳለችው ዌልስ ሲሆን፣ ሃውል በዚያ ሥራ ፈት ነው ብላ የምትነዘንዘው እህት አለችው። በፊልሙ ያው ጥቁር ቀለም ወደ ጦርነት ጨለማ ይከፈታል። ሚያዛኪ በ2003 የተጀመረውን የኢራቅ ጦርነት አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ቁጣቸው በቦምብ በሚነዱት ከተሞች ላይ ይታያል። ጦርነት በዜና ብቻ ለማናውቀው ለእኛ እነዚህ ትዕይንቶች ከባድ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ፍጻሜው ያሳዝነኛል። ያን ያህል ያቃጠለ ጦርነት የንጉሡ አስማተኛ የሆነችው ማዳም ሱሊማን ይብቃ ስላለች ብቻ በቅጽበት መዘጋቱ አያሳምንም። መጽሐፉ ጦርነትን ከሩቅ ብቻ ያነሳል፤ ፍጻሜው ግን እያንዳንዷን ቀደም ያለች ፍንጭ ሰብስቦ ይቋጫል።

ፊልሙ መጽሐፉን በግልጽ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። በልብ ወለዱ የምድረ በዳዋ ጠንቋይ እስከ መጨረሻው ክፉ ሆና ትሞታለች። በፊልሙ ግን ኃይሏ ሁሉ ተገፎ ምስኪን አሮጊት ትሆናለች፤ ሶፊም የረገመቻትን ሴት በማንኪያ እያጎረሰች፣ እያስተኛች ትጦራታለች። አረጋውያንን መጦር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ተመልካች ይህን ሲያይ ልቡ ይነካል። የጆ ሂሳይሺ ሙዚቃም የሚመሰገን ነው።

ስለዚህ ምክሬ መጽሐፉን ማስቀደም ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡትን መጠየቅ ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይከብድም፤ ለታናናሾች ደግሞ ወላጅ በአማርኛ እየተረከ ቢያነብላቸው ምዕራፎቹ ለአንድ ምሽት የሚመጠኑ ናቸው። 119 ደቂቃ የሚፈጀውን ፊልም ከዚያ በኋላ፣ የሚቻል ከሆነ በጃፓንኛው ድምፅ ይመልከቱት፤ የቦምብ ድብደባው ትዕይንት ለሕፃናት ስለሚያስፈራ አዋቂ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ።