ለቢሮ የቱ ፕሪንተር ይሻላል? ኤችፒ፣ ኪዮሴራ፣ ካኖን ወይስ ኤፕሰን

የእኛ ሥራ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። መገናኛ አካባቢ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን እንሠራለን። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ወረቀት እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። ለአንድ ጨረታ ኦሪጅናሉ አለ፣ ኮፒዎቹ አሉ፣ ቴክኒካሉና ፋይናንሻሉ ለየብቻ ይታሸጋል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ማህተም ያርፋል፤ ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ በአምስት ደቂቃም ቢሆን የሚቀበላችሁ የለም። በወር አራት ሺህ ገጽ ገደማ እናትማለን፣ ስምንት ደስጣ ወረቀት ማለት ነው። ፕሪንተሩ ቆመ ማለት እኛም ቆምን ማለት ነው።

ሰው ሁሉ "የቱን ልግዛ?" እያለ ስለሚደውልልኝ የማውቀውን አንድ ላይ ልጻፈው።

የመጀመሪያዋን ማሽን የገዛናት ርካሽ ስለነበረች ብቻ ነው። ትንሽ ሌዘር ናት። ስሟን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ የተሠራችውን ማሽን የአምስት ሰው ሥራ አሸከምናት። ስድስት ወር ሳይሞላት ወረቀት መያዝ ጀመረች። ቀጥሎ ፊውዘሯ፣ ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል፣ ሄደ፣ ያውም ጨረታው ሊዘጋ በዋዜማው ማታ። ፍላሽ ይዘን ኮፒ ቤት ፍለጋ ስንዞር አመሸን። በመጨረሻ ክፍት ያገኘነው ቤት ኮምፒውተሩ ላይ የእኛ የአማርኛ ፎንት አልነበረም፣ ጽሑፉ በሙሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ። ያን ሌሊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ሰነዴን ፒዲኤፍ ሳላደርግ ከቢሮ አልወጣም፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

አሁን ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የቶነሩን፣ ማለትም የሌዘር ፕሪንተሩን የዱቄት ቀለም፣ ዋጋ ነው። ቶነሩ ስንት ነው፣ ስንት ገጽ ያወጣል፣ አካፍሉት። የማሽኑን ዋጋ አንዴ ትከፍሉታላችሁ፣ ቶነሩን ግን ማሽኑ እስኪያረጅ ድረስ ነው የምትከፍሉት። በብር ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ያሳስታችኋል። የገጹ ቁጥር ግን አይለወጥም።

ከኤችፒ ልጀምር፣ በየቢሮው የምታዩት እሱን ስለሆነ። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው መብዛቱ ነው። ቶነሩ በየሱቁ አለ፣ ሰፈራችሁ ያለው ቴክኒሻን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። በብዙዎቹ ኤችፒዎች ቶነሩና ድራሙ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ ስለሆኑ ቶነር በቀየራችሁ ቁጥር ድራሙም አዲስ ነው፣ ህትመቱ ጥርት ይላል። ግን ገና የሚሠራ ድራም እየጣላችሁ ነው ማለትም ነው፣ ዋጋው ደግሞ ቶነሩ ላይ ተደምሯል። ትንንሾቹ ሌዘርጄቶች (የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተሮች) የሚጠቀሙበት 85ኤ የሚባለው ካርትሪጅ 1,600 ገጽ ነው የሚያወጣው። ከፍ ያለው ኤም404 ላይ 59ኤ 3,000፣ 59ኤክስ 10,000 ገጽ ያወጣል። ኤም404 ጠንካራ ማሽን ነው፣ ቢሯችሁ ሁለት ሦስት ሰው ከሆነ ያለ ሐሳብ ግዙት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዚሁ ማሽን የወር አቅም 80,000 ገጽ ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ የሚነግራችሁ ይህንን ነው። ኩባንያው ራሱ የሚመክረው የወር መጠን ግን ከ750 እስከ 4,000 ገጽ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ማሽኑ ተጨንቆ የሚችለው ነው፣ ሁለተኛው ዓመታት የሚያገለግላችሁ። የየትኛውንም ምርት ስትገዙ ሁለተኛውን ቁጥር ፈልጉ። እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ የመጀመሪያዋን ማሽን አናቃጥላትም ነበር።

ሌላው ቺፑ ነው። አዳዲሶቹ ኤችፒዎች ቺፕ እያዩ የኩባንያውን ያልሆነ ካርትሪጅ ሊከለክሉ ይችላሉ። በሪፊል፣ ያለቀውን ካርትሪጅ እንደገና እያስሞላችሁ፣ ለመኖር ያሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ቴክኒሻናችሁን ጠይቁ።

አሁን የምንሠራበት ኪዮሴራ ነው፣ ኢኮሲስ ኤም2040ዲኤን። ያትማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል፣ በደቂቃ 40 ገጽ። እዚህ ድራሙ ለብቻው ነው፣ ዕድሜው 100,000 ገጽ ተብሎ የተሠራ። እናንተ የምትቀይሩት ቶነሩን ብቻ ነው፣ ቲኬ-1170 የሚባለውን፣ 7,200 ገጽ ያወጣል። እስቲ በእኛ ሥራ እንየው። በዓመት 48,000 ገጽ። በ85ኤ 30 ካርትሪጅ ይፈጃል። በኪዮሴራው 7። በኤችፒ 59ኤክስ ካሰባችሁት 5 ይሆናል፣ ግን የአንዱን ዋጋ ጠይቃችሁ ከዚያ ፍረዱ። እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ገጹ 5 በመቶ ያህል ቀለም ሲይዝ የተለኩ ናቸው። እንደ እኛ ሠንጠረዥና ሎጎ የሚበዛበት ሰነድ ካላችሁ ቀንሱላቸው።

ጉድለት የለውም አልልም። እንደ ኤችፒ በየሰፈሩ የሚያውቀው ቴክኒሻን አታገኙም፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠግንላችሁን ሰው እወቁ። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው ቶነርም ሙሉ አይደለም፣ 3,600 ገጽ ብቻ ነው። ኤ3፣ የተለመደውን ወረቀት እጥፍ የሚያህለውን፣ አያትምም። ግን ስካነሩ ሰነዱን ደርድራችሁለት በሁለቱም ገጽ እያገላበጠ ያነብላችኋል። የፌዴራል ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ከገባ ወዲህ ስካን የምናደርገው ከምናትመው እየበለጠ ስለሄደ፣ ለእኛ ይህ ብቻውን ዋጋውን መልሷል።

ካኖን አይአርና ሪኮ ሌላ ዓይነት ዕቃዎች፣ ትልልቅ የኮፒ ማሽኖች ናቸው። ፕላን የሚያትም፣ ኤ3 የሚፈልግ፣ ወይም ኮፒ ቤት የሚከፍት ሰው እነሱን ይይ። ካኖን አይአር 2206 በደቂቃ 22 ገጽ ነው፣ ከኤም2040ው ያነሰ፣ ግን ኤ3 ይችላል፣ ቶነሩም 10,200 ገጽ ይሄዳል። ገበያው ላይ ያገለገለ ይበዛል። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ያወጣላችሁን ናሙና ገጽ አትመኑ፣ አንድ ገጽ ማንም ማሽን አሳምሮ ያወጣል። የገጽ ቆጣሪውን ሪፖርት አሳትሙ። ሃምሳ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ከላይ በመጋቢው አሳልፉት። ከያዘ ወይም ሁለት ሁለት ከጎተተ ተዉት።

ኤፕሰን ኤል3250 ቀለም በጠርሙስ የሚሞላ ነው። ጥቁሩ 4,500፣ ባለቀለሙ 7,500 ገጽ፣ ለባለቀለም ሥራ በጣም ርካሽ ነው። ለፕሮፋይልና ለፎቶ ይሁን። ለጨረታ ሰነድ ግን አልመክርም። በደቂቃ ጥቁር 10 ገጽ ገደማ ነው፣ ቀለሙም ውኃ ሲነካው ይለቃል። በክረምት ሰነድ ይዛችሁ ታክሲ የተጋፋችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለ ቶነር አንድ ነገር ሳልል አልዘጋም፣ ምክንያቱም እስካሁን ያናድደኛል። ኦሪጅናል ብለው፣ በኦሪጅናል ዋጋ፣ የታሸገ ሣጥን ሸጡልን። መቶ ገጽ ሳይሞላ መሐል ለመሐል ነጭ መስመር እያወጣ አተመ፣ ዱቄቱ ማሽኑ ውስጥ ፈሶ ለጽዳት ሌላ ወጪ ሆነብን። ሱቁ ደግሞ "የተከፈተ አንመልስም" አለን። ሳይከፈት እንዴት ይታወቃል? አሁን የምገዛው ደረሰኝ ላይ የቶነሩን ሙሉ መለያ ቁጥር ጽፎ ከሚሰጠኝ ሰው ብቻ ነው።

መብራቱንም አትርሱ። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ አትሰኩ፣ ፊውዘሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጎዳዋል። ጥሩ ስቴቢላይዘር ግዙ፣ ማታ ስትወጡ ከሶኬቱ ንቀሉ።

የእኛ ኪዮሴራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ትናንት ሪፖርቱን አውጥቼ አየሁት፣ 91 ሺህ ገጽ ደርሷል፣ ድራሙም ከፋብሪካ የመጣበት ነው። መቶ ሺህ ሲጠጋ ጨረታ ላይ እንዳይጥለን በዚህ ሳምንት መርካቶ ወርጄ የድራሙን ኪት እፈልጋለሁ።