ኢቢ ኤክስ ወይስ ዊንግትራዋን? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚቀይሱ

ሁለቱም በባትሪ የሚበሩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር አካባቢ ክንፍ ያላቸው የቅየሳ ድሮኖች ናቸው። ኢቢ ኤክስ ከእጅ ተወርውሮ ይነሳል፣ በሆዱ ያርፋል። ዊንግትራዋን በጭራው ቆሞ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ አየር ላይ ተጋድሞ ይበራል፣ ሲመለስም በጭራው ይቆማል።

ሻጭ ቀድሞ የሚነግራችሁ የበረራ ደቂቃ ነው፤ ኢቢ በትልቁ ባትሪ እስከ 90፣ ዊንግትራ እስከ 59። እናንተ ግን ቀድማችሁ ስለ ከፍታ ጠይቁ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ22 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ኢቢ ሳይወድቅ ለመብረር የሚያስፈልገው ፍጥነት በ13 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ውርወራው ጠንካራና ነፋስን ፊት ለፊት የገጠመ ይሁን፤ ሲያርፍም መሬቱን በዚያው ልክ ፈጥኖ ይመታል። ዊንግትራ በመደበኛ ፕሮፔለሩ የሚነሳው እስከ 2,500 ሜትር ነው። ለሰበታና ለዱከም ይበቃል። ለሱሉልታ ግን የከፍተኛ ቦታ ፕሮፔለር አብራችሁ እዘዙ፣ አለዚያ ዕቃው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ማረፊያው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። በሰንዳፋ በኩል ከአጨዳ በኋላ ያለ የጤፍ ማሳ ለኢቢ ይመቻል። ክረምት ላይ ግን መረሬ አፈር ጭቃ ሆኖ ሆዱ ላይ ይለጠፋል፣ የካሜራውን ሌንስ ይሸፍናል፣ የአየር ፍጥነት የሚለካውን ቀጭን ቱቦም ይደፍናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ቱቦውን እዩ። ባሕር ዛፍ በከበበው ኮረብታ፣ በድንጋይ ካባ ወይም ቤት በበዛበት ሰፈር ዊንግትራ ይሻላል፤ ጥቂት ሜትር ደልዳላ መሬት ይበቃዋል። ደካማ ጎኑ ነፋስ ነው፦ በጭራው ሲወርድ ክንፉ እንደ ሸራ ነፋሱን ይቀበላል። መሬት ላይ ነፋሱ በሰከንድ ከ8 ሜትር ካለፈ አታስነሱት።

በምስል ጥራት ዊንግትራ ይበልጣል። ባለ 42 ሜጋፒክስል ካሜራው ከ120 ሜትር ላይ በፒክስል (በምስሉ አንድ ነጥብ) 1.5 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ይሰጣል፤ የኢቢው ባለ 20 ሜጋፒክስል ሶዳ ካሜራ 2.7 ገደማ። ቁጥሩ ሲያንስ ምስሉ ይጠራል። ኢቢን እኩል ለማድረግ ወደ 70 ሜትር ማውረድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመርና ረጃጅም ዛፍ አለ፣ የሚሸፈነውም መሬት በእያንዳንዱ የበረራ መስመር ይጠባል።

ጭልፊትና አሞራ ለሁለቱም ጠላት ናቸው። ሞቃት አየር ሲነሳ ስለሚበዙ በጠዋቱ ሥራችሁን ጨርሱ። የመቆጣጠሪያ ነጥባችሁ (ልኩ የታወቀ የመሬት ምልክት) በአዲንዳን፣ ማለትም በኢትዮጵያ የቆየው የካርታ መነሻ ሥርዓት፣ ከሆነ ሶፍትዌሩ ላይ ወደዚያው ቀይሩ፤ አለዚያ ካርታው 200 ሜትር ያህል ይሸሻል።

ለሰፊ እርሻና ለግጦሽ ሜዳ ኢቢን፣ ለይዞታ ድንበርና ለካባ መጠን ልኬት፣ ዋጋው ቢወደድም፣ ዊንግትራን ግዙ። ሥራችሁ ሁሌ ከ50 ሄክታር በታች ከሆነ ግን ሁለቱም ይቅሩባችሁ፤ አርቲኬ (ቦታን እስከ ሳንቲሜትር የሚያርም የሳተላይት መለኪያ) ያለው ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ይበቃችኋል። የትኛውንም ብትመርጡ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የማስገቢያና የማብረሪያ ፈቃዱን በእጃችሁ አድርጉ።