ኬንያ ኤርዌይስ ወይስ የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ? በማገገም ላይ ካለ አየር መንገድ ትኬት ለሚገዛ

ችግር ውስጥ የገባ አየር መንገድ ዋጋ ሲቀንስ መንገደኛው ሁለት ልብ ይሆናል። ትኬቱ ርካሽ ነው፤ ወሬው ግን ጥሩ አይደለም። ከአዲስ አበባ ጆሐንስበርግ ለሚሄድ፣ ወይም ከለንደንና ከአምስተርዳም ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለሚመላለስ ሰው፣ በናይሮቢ በኩል የሚያልፈው የኬንያ ኤርዌይስ ዋጋ አንዳንዴ ዓይን ይስባል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኑሮውን የመሠረተው ወገናችን ደግሞ ወደ ደርባን፣ ወደ ኬፕ ታውን ወይም ወደ ሉሳካ ሲሻገር የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ከአማራጮቹ አንዱ ነው። ሁለቱም በኪሳራ ስማቸው ሲነሳ የኖረ፣ ሁለቱም «አገገምን» የሚሉ ብሔራዊ አየር መንገዶች ናቸው። የተከተሉት መንገድ ግን ለየቅል ነው፤ ለትኬት ገዢው የሚያመጡት ስጋትም እንዲሁ።

ኬንያ፦ እየበረሩ መጠገን

ኬንያ ኤርዌይስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሆላንዱ ኬኤልኤም ድርሻ ገዛበት፤ አክሲዮኑም በናይሮቢ ገበያ ተሸጠ። ያኔ መንግሥት እጁን ሲሰበስብ አየር መንገድ እንዴት እንደሚያተርፍ ማሳያ ተደርጎ ይጠቀስ ነበር። ከዚያ «ማዊንጉ» የተባለው የማስፋፊያ ዕቅድ መጣ። አዳዲስ አውሮፕላኖች በብድር ታዘዙ። አውሮፕላኖቹ ሲደርሱ ግን መንገደኛው ሸሽቶ ነበር፤ በ2013 የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ተቃጠለ፣ በዚያው ዓመት በናይሮቢው የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ ጥቃት ደረሰ፣ በ2014 ደግሞ ኢቦላ የምዕራብ አፍሪካን መስመር አቀዘቀዘው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። በተከታታይ ሁለት የበጀት ዓመታት ኪሳራው በየዓመቱ ከ25 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ሆነ። በ2016 በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ከነበሩት የማረፊያና የመነሻ ሰዓት ፈቃዶች አንዱን ለኦማን ኤር በ75 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ።

በ2017 አበዳሪ ባንኮች ዕዳቸውን ወደ አክሲዮን ቀየሩ፤ የመንግሥት ድርሻ 48.9 በመቶ ደረሰ፣ የኬኤልኤም ደግሞ ወደ 7.8 በመቶ ወረደ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2024 ድርጅቱ 5.4 ቢሊዮን ሽልንግ የተጣራ ትርፍ አስመዘገበ፤ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ጋዜጦች አጨበጨቡ። ሆኖም ለዚያ ትርፍ የኬንያ ሽልንግ ከዶላር አንጻር መጠንከሩም አስተዋጽኦ ነበረው፤ የዕዳው ብዙ ክፍል በውጭ ምንዛሪ ነውና። መንገደኛው ከዚህ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የሒሳብ መዝገብ ትርፍ ማሳየቱ ነገ ጠዋት አውሮፕላን ይኖራል ማለት አይደለም።

ማስረጃው ብዙ አልቆየም። በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ድርጅቱ 12.2 ቢሊዮን ሽልንግ ከሰረ። ዋናው ምክንያት ድሪምላይነር ከሚባሉት ዘጠኝ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖቹ ሦስቱ ሳይበሩ መቆማቸው ነበር። ሞተርና መለዋወጫ በዓለም ገበያ እጥረት ስላለበት ተራ ይጠበቃል፤ ተራ ሲጠበቅ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቆያል፣ ዕዳው ግን አይቆምም።

ይህ ለትኬት ገዢው ምን ማለት እንደሆነ በቅርበት እንየው። በጉዞ ሰነዱ ላይ ከበረራው ቁጥር አጠገብ 788 የሚል ምልክት ካለ አውሮፕላኑ ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር ነው። ኬንያ ኤርዌይስ ወደ ኒውዮርክ፣ ለንደን፣ ፓሪስና አምስተርዳም የሚልከው ይህንን ነው። መቀመጫው 234 ነው። ከዘጠኝ ሦስት ቆመው በስድስት ሲሠራ፣ ከስድስቱ አንዱ ቢበላሽ የሚተካው የለም። 234 ሰው ሌላ በረራ ላይ መከፋፈል አለበት፤ የሚቀጥለውም በረራ ሞልቶ ነው የሚነሳው። አጭሩ መስመር እንዲህ አያስጨንቅም። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ በትንንሾቹ ቦይንግ 737 ወይም ኤምብራየር 190 ይሠራል፤ አንዱ ቢጎድል ሌላውን ማዛወር ይቀላል። ኤምብራየር 190 ላይ ደግሞ መቀመጫው በሁለት በሁለት የተደረደረ ስለሆነ መሐል የሚጣበብ ሰው የለም። ነገሩ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ዋጋ እሰጠዋለሁ።

ሌላው የኬንያ ድክመት የሥራ ማቆም አድማ ነው። በኅዳር 2022 አብራሪዎች በጡረታ መዋጮ ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ በረራዎች ለቀናት ተስተጓጉለው በሺዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ተጉላልተዋል። ወጪ የሚቀንስ ድርጅት ከሠራተኛው ጋር መጋጨቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የማገገሚያ ዕቅድ በታወጀበት ሰሞን ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ለመድረስ በመጨረሻው በረራ መተማመን አያዋጣም።

ደቡብ አፍሪካ፦ ቆሞ እንደገና መነሳት

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ አጠር ብሎ ሊነገር ይችላል። ድርጅቱ ከ2011 በኋላ ትርፍ ሳያይ ቆይቶ በታኅሣሥ 2019 በሕግ በሚመራ የማዳን ሂደት ውስጥ ገባ፤ ወረርሽኙ ሲመጣ መደበኛ በረራውን አቆመ፤ በሚያዝያ 2021 ከሂደቱ ወጣ፤ በመስከረም 2021 በጥቂት አውሮፕላኖች ከጆሐንስበርግ ወደ ኬፕ ታውን መብረር ጀመረ። ታካትሶ የተባለ የባለሀብቶች ጥምረት 51 በመቶውን ይገዛል ተብሎ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በመጋቢት 2024 ውሉ ፈረሰ። አሁንም የመንግሥት ነው።

መንገደኛውን የሚነካው ግን ድርጅቱ የጣለው ነገር ነው። ድሮ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተንና ሆንግ ኮንግ ይበር ነበር። እነዚህ ሁሉ ቀርተዋል። ከአፍሪካ ውጭ የመለሳቸው በ2023 የብራዚሏን ሳኦ ፓውሎን፣ በ2024 የአውስትራሊያዋን ፐርዝን ነው። ቀሪው የአገር ውስጥና የጎረቤት አገሮች መስመር ነው። ብዙ ሰው ይህንን እንደ ውርደት ያየዋል። እኔ ግን ከገዢ ወገን ሆኜ ሳየው እወደዋለሁ። ከጆሐንስበርግ ኬፕ ታውን በረራ ቢሰረዝ በዚያው ቀን ሌላ በረራ አለ፤ የራሱ ባይሆን የሌላ ድርጅት። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚበረረው የፐርዝ መስመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ያው የኬንያው ችግር ይመጣል፤ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በነገራችን ላይ ሁለቱ በኅዳር 2021 ተስማምተው በ2023 አንድ የአፍሪካ አየር መንገድ ቡድን እናቋቁማለን ብለው ነበር። ቡድኑ አልተቋቋመም። ችግረኛን ከችግረኛ ጋር ማጋባት የሁለቱን ዕዳ እንደማይከፍል ለመረዳት የበረራ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ገንዘቡስ?

አየር መንገድ ሲዘጋ ያልበረረ ትኬት የያዘ ሰው ከአበዳሪዎች ተርታ ይሰለፋል፤ ዋስትና የሌለው አበዳሪ ደግሞ ተራው ኋላ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚታየው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። በእንግሊዝ ያለ ሰው ከ100 ፓውንድ በላይ የሆነ ትኬት በክሬዲት ካርድ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ቢገዛ የካርዱ ባንክ በሕግ ተጠያቂ ነው። በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዝውውር ለደላላ የከፈለ ሰው ይህ የለውም።

ኢንሹራንሱም ቢሆን ይነበብ። በ2019 መጨረሻ የደቡብ አፍሪካው የጉዞ ወኪል ፍላይት ሴንተር የአገሩን ብሔራዊ አየር መንገድ ትኬት መሸጥ ያቆመው፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የድርጅቱን መክሰር ከሽፋናቸው ስላወጡ ነበር። ከዚያ ድርጅቱ የማዳን ሂደት ውስጥ እስኪገባ ብዙ አልቆየም። ኢንሹራንስ ሰጪው የአንድን አየር መንገድ ስም ከውሉ ሲያወጣ ከማንኛውም መግለጫ የበለጠ ነግሯችኋል።

ከአውሮፓ የምትነሱ ደግሞ አንድ ብልጫ አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከኅብረቱ አገር በሚነሳ በረራ ሁሉ ላይ ይሠራል፤ አየር መንገዱ ኬንያዊ ቢሆንም። ከአምስተርዳም ናይሮቢ በረራው ቢሰረዝ ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ ቢዘገይ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ የአውሮፕላን ብልሽት ብቻውን በአብዛኛው ከካሳ አያድናቸውም። ከለንደን ለሚነሱ ተመሳሳይ ሕግ እስከ 520 ፓውንድ አለው። በመልሱ ጉዞ፣ ከናይሮቢ ስትነሱ፣ ይህ መብት አብሯችሁ አይመጣም። ስለዚህ መዘግየት የማይቻልበትን ቀጠሮ በመልሱ ቀን አታድርጉት።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ከአዲስ አበባ ጆሐንስበርግ ለሚሄድ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በቀጥታ ያደርሰዋል። የናይሮቢው መንገድ በመሸጋገሪያው ምክንያት ግማሽ ቀን ይበላል። የዋጋ ልዩነቱ የአንድ ቀን ገቢያችሁንና አንድ የሆቴል አዳር ካልሸፈነ አይወሰድ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ኬንያ ኤርዌይስን ለመግዛት አልፈራም፤ ሁለቱም በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ እስካሉ ድረስ። አዲስ አበባ–ናይሮቢን ለብቻ፣ ናይሮቢ–ጆሐንስበርግን ለብቻ የገዛ ሰው የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛውን ከኪሱ ይገዛል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቀጥሎ ወደ ደርባን ወይም ወደ ኬፕ ታውን የሚያልፍ ሰው የደቡብ አፍሪካውን አየር መንገድ ቢመርጥ ምክንያት አለው፤ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ሁለቱም ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባላት ናቸው። ወኪላችሁ ሁለቱን በአንድ ትኬት እንዲያወጣ ጠይቁት፤ ሻንጣው እስከ መጨረሻው እንዲመዘገብም እንዲሁ። ወደ አገር ስለምትገቡ ሻንጣውን ጆሐንስበርግ ላይ ለጉምሩክ አንስታችሁ እንደገና ማስረከባችሁ አይቀርምና ቢያንስ ሦስት ሰዓት ክፍተት ይኑር። በበረራው የምታገኙት ነጥብ (ማይል) በኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም በሼባማይልስ ሊመዘገብ ይችላል፤ ነገ ሊጠፋ በሚችል ድርጅት ሒሳብ ውስጥ ነጥብ ማጠራቀም ከገንዘብ ይልቅ ተስፋ ማስቀመጥ ነው። ኬንያ ኤርዌይስ ስካይቲም የተባለው ሌላ ጥምረት አባል ስለሆነ በአውሮፓ ያላችሁ ነጥቡን በኤር ፍራንስና በኬኤልኤም ፕሮግራም ብታስመዘግቡት ይሻላል።

ከናይሮቢ ኒውዮርክ በቀጥታ መብረር የሚፈልግ ሰው ምርጫው ኬንያ ኤርዌይስ ነው፤ መስመሩ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ አለ። ከመግዛቱ በፊት ግን ከጉዞው ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ስንት በረራ እንዳለ ይቁጠር። በየቀኑ ካለ ይግዛ። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ከሆነ ለኒውዮርኩ ቀጠሮ ሁለት ቀን ቀድሞ ይነሳ፤ ትኬቱንም ቀን መቀየር በሚፈቅደው ዋጋ ይውሰድ።