የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡር የምግብ ምክር

አሁን ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። መጀመሪያ ክትትል የጀመርኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። እዚያ ስለ ምግብ የተነገረኝ "ጥሩ ጥሩ ነገር ብዪ" የሚል ብቻ ነው። አይረን ፎሊክ የሚባለውን የደም ማነስ መከላከያ ክኒን ሰጡኝ፣ ሰገራ እንደሚያጠቁርና እንደሚያደርቅ ግን ማንም ስላልነገረኝ ደንግጬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተውኩት። በኋላ ጎረቤቴ "የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ክትትሉ በነፃ ነው፣ ስለ አመጋገብም ያስተምራሉ" አለችኝና ሄድኩ።

እዚያ ያገኘኋት ሲስተር ገና እንደተቀመጥኩ "ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቁርስ ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ፣ እሱ ሳይወርድ ቡና፣ ማታ ደግሞ ስላቅለሸለሸኝ ምንም። የደም መጠን (ሄሞግሎቢን) ምርመራዬ 10.4 ነበር፣ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ጉበትና ሥጋ ግዢ ትለኛለች ብዬ ስጨነቅ ቡናዬን ነው ያነሳችው። "ተዪው አላልኩሽም፣ ግን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው፣ መጠኑንም ቀንሺ።" ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲሆኑ ሰውነት አይረኑን በደንብ አይወስደውም። "ከሽሮው ጋር ጎመን ብዪ፣ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት፣ ያኔ ይሻላል" አለችኝ። በቀን አንድ ማዕድ መጨመር፣ አዮዲን ያለውን ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ማድረግ፣ ሁሉም ጓዳዬ ውስጥ ባለው የሚሆን ነው። ክትፎ አምሮኝ ነበር። እሱንም በደንብ አብስለሽ ብዪ አለችኝ እንጂ አልከለከለችኝም፤ ያልፈላ ወተትና ጥሬ ሥጋ ግን ለጽንሱም አደገኛ ነው።

በጣም የነካኝ የእማዬ ነገር ነው። እማዬ "ሙዝና ወተት የልጁ ጭንቅላት ላይ ይለጠፋል" ብላ ከልክላኝ ነበር። ለሲስተሯ ስነግራት አልሳቀችም፣ "በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ነይ" አለችኝ። ወሰድኳት። "እማማ፣ ምግቡ የሚገባው ጨጓራ ነው፣ ልጁ ደግሞ ያለው ማህፀን ውስጥ ነው፣ አይነካኩም" ብላ በእጇ ሆዴ ላይ እያሳየች ቀስ ብላ አስረዳቻት። እማዬ ዝም ብላ ሰማች። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሙዝ የገዛችው ራሷ ናት።

ጾሙንም ፈርቼ ነበር። ሲስተሯ "እሱን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ" አለችኝ። አባም "ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ለጾም አትገደድም፣ ብዪ" አሉኝ። መጀመሪያ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ምስር እየበላ ለእኔ ብቻ እንቁላል ሲቀርብልኝ ጉሮሮዬ ላይ ተናነቀኝ፣ አሁን ግን ለምጄዋለሁ።

ቅር ያሰኙኝ ነገሮችም አሉ። ወረፋው ከባድ ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሼ የገባሁት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ለእግራችን ማረፊያ የሚሆን ወንበር እንኳ አይበቃም። ትምህርቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ይዘነው የምንሄደው ወረቀትም የለም፣ ስለዚህ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነው የያዝኩት። ባሎችንም ቢጠሩልን ደስ ይለኝ ነበር፣ ገበያ የሚሄደው የኔ ባል ነውና።

ደሜ ባለፈው ሳምንት 11.6 ገብቷል። ትቼው የነበረውን ክኒንም እንደገና ጀምሬ ሳላቋርጥ እየወሰድኩ ስለሆነ ምግቡ ብቻ ነው አልልም። የእናንተም ሰፈር ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ትምህርት ካለው ቀኑን ጠይቁ፣ በጠዋት ድረሱ፣ ውኃና ቆሎ ያዙ፣ ከቻላችሁ እናታችሁን ወይም አማታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።